እግር ያረፈበት

ቀን ከወርዶፋ ጋራዥ፣ ከቆጪ ቁልቁለት፣
የባጃጅ ዝገት ስፍቅ፣ ስቱኮ ስሞላበት፣
አሮጌ አዲስ አስመስዬ፣ ብሬን ተቀብዬ፣
ማታ አዲሱን ላስረጅ እገባለሁ፤ ይህ ነው ሌላው ሥራዬ።

ታንክ ነው፤ ፕላስቲክ። መዳፍ ላይ የሚያድር፣
ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት እጅ የሚያጥር።
የሲቲና ወንድም ነው ከጅዳ በሻንጣ ያመጣው፤
ሣጥኑ ላይ በረዶ ሥለዋል። በረዶ የት አውቄው?
እኔ የማውቀው ጭቃ ነው፣ ጅማን ሙሉ ያቀላው።

ሲቲና ትስቃለች፦ «የሰው እጅ ያድሳል፤
ያንተ እጅ ምን ነክቶት ነው ደህናውን የሚያቆስል?»
እውነቷን ነው።

መጀመሪያ ዝገቱን ነው የምቀባው፣ ከሥር።
(እኔ ቤት ዝገት ይቀድማል፣ ብረቱ ሳይፈጠር።)
ከዚያ ጨው እነሰንሳለሁ፣ ከወጥ ቤት ሰርቄ፣
ከዚያ አረንጓዴውን እነፋለሁ፣ ትንፋሼን አምቄ፤
ሲደርቅ፣ በርጥብ ብሩሽ ጨዉን ሳረግፈው፣
ጨው የነበረበት ሁሉ ዘመን ነው የበላው።

አስተማሪዬ ቆርቆሮ ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ፣
ከምስማሩ ሥር ዝገቱ በቀጭን መስመር ሲሄድ፣
አንጋጥጬ አያለሁ፦ ከላይ ጠይም፣ ከታች ብርቱካን።
ጎረቤቴ «ሊያፈስበት ነው» ብሎ ያዝናል፣ ምስኪን።

ጭቃውንስ? ከአዌቱ ዳር ቀዩን አፈር በጣሳ ዝቄ፣
በሲቲና አሮጌ ካልሲ ነፍቼ፣ አድቅቄ፣
በነጭ ጋዝ በጥብጬ ሰንሰለቱን ሳለብሰው፣
ከማዶ የመጣው ፕላስቲክ ጅምኛ ቆሸሸ፣ እንደ ሰው።

የጎረቤት ልጅ ሙባሪክ፦ «ይተኩሳል?» «አይ።» «ይሄዳል?»
«አይ።» «ታዲያ ምን ያደርጋል?»
«ይቆሽሻል» አልኩት። አሰበ።
«እኔ ስቆሽሽ እናቴ ትገርፈኛለች፤ እሱን ማን ይገርፈዋል?»

እሑድ ለት ሃምሳ አለቃ ተማም የባጃጁን ቁልፍ ሊያደርስ፣
በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፣ ሳይገባ፣ ሳይመለስ።
መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ጎነበሰ፤
መድፉን አላየም፤ በጎን ዞሮ ከፊት ደረሰ።
«ተሳስተሃል» አለ።

«እዚህ ለምን አስላጥከው? እዚህ እኮ ማንም አይደርስም።
ቀለም ዝም ብሎ አይላጥም፤ ሰው ካልነካው አያልቅም።
የሚላጠው እዚህ ነው፣ ከሾፌሩ ክዳን ጎን፣
የላጲሶ ግራ እግሩ የሚያርፍበትን።
አጭር ነው፣ አይደርስም፤ ሁልጊዜ ይህችን ረግጦ፣
እየሳቀ ይወጣ ነበር፣ የኔን እጅ ጨብጦ።
ሦስት ዓመት ረገጣት፣ ብረቷ እስክታበራ።
በኋላ ሌላ ሾፌር መጣ። ረጅም።
እዚያ አይረግጥም። ዛገች እሷም በተራ።»

ሌላ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁት።
ብሩሹን ሰጠሁት።
ባጃጅ ሲነዳ የማይንቀጠቀጥ እጁ፣
ሦስት ፀጉር ባላት ብሩሽ ተንቀጠቀጠ፤ መለሳት ለወዳጁ።

«ትዛግ ወይስ ታብራ?» አልኩት።
ዝናብ ቆርቆሮውን መታው፤ መደማመጥ አልተቻለ፤
ከከንፈሩ አነበብኩ፤ «ታብራ» ሳይሆን አይቀርም ያለ።
የእርሳስ ጫፍ ፈጭቼ፣ በጣቴ አሸኋት፤
ከምስር ክክ የምታንስ ብርሃን ጭቃው መሃል ተውኋት።

ሊሰጠኝ ያመጣውን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ሄደ።

ባጃጇ ማክሰኞ መጣች። ፍቄ፣ ስቱኮ ሞልቼ፣
ሰማያዊ አለበስኋት፣ ዳር እስከ ዳር ነፍቼ፤
የሾፌሩ መርገጫ ጋ፣ ቀለም አልቆ ብረት የወጣበት፣
ስፕሬዬን አጠፋሁት።

ወርዶፋ ዞሮ አያትና «ይህችን ረስተሃል» አለኝ።
«አልረሳሁም» አልኩት።